600 የሚለው ቁጥር የት የት አለ? አሮጌ ሲስተምን በማሽን የማደስ ተሞክሮ

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ለሠራተኛ መልካም ዜና ነው። የደመወዝ ሲስተም ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። እኔ የምሠራበት ድርጅት ዋና ቢሮው ሀዋሳ ነው፤ ዲላ፣ ወላይታ ሶዶና ሆሳዕና ላይ ቅርንጫፍ ያለው የሸቀጥ አከፋፋይ ነው። ደመወዙም መጋዘኑም ሽያጩም የሚሠራበት ሲስተም ከዐሥር ዓመት በላይ በብዙ እጅ፣ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ነው። የግብር ሠንጠረዡ አንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነበር። ግን በደመወዝ ገጹ አለ። በትርፍ ሰዓት ስሌቱ አለ። በቦነሱም አለ። በዓመታዊ ሪፖርቱ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ አካሄድ ተጽፎ አለ።

ኮዱ ውስጥ 600 ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ግብር ብቻ አይደለም። የአንድ ገጽ ስፋት በፒክስል 600 ነው። ተጠቃሚው ዝም ሲል ሲስተሙ የሚጠብቀው 600 ሰከንድ ነው። 15 በመቶ ብላችሁ ብትሄዱም ያው ነው፤ የደመወዝ ግብሩ አንድ እርከን 15 በመቶ ነው፣ ቫቱም 15 በመቶ ነው። ዝም ብሎ ፈልጎ የሚተካ ሰው የሽያጩን ሒሳብ ያበላሻል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ሲስተም የሌለበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ስለሆነ ነው። ሀዋሳም፣ አዳማም፣ ድሬዳዋም ኮሌጁ፣ ክሊኒኩ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሁሉ ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ልጅ በጻፈለት ኮድ ይሠራል። ልጁ ሥራ ቀይሮ ሄዷል። ኮዱ ግን ዛሬም በየወሩ ደመወዝ ይከፍላል። እሱን የተረከበው ሰው ብቻውን እንዳይጨነቅ እፈልጋለሁ።

ባለቤቱ መጀመሪያ ያሰቡት አዲስ ሲስተም ከባዶ ማሠራት ነበር። ዋጋም አስጠይቀው ነበር። እኔ ተቃወምኩ። ኮዱ ለማየት ያስጠላል፣ እውነት ነው። ግን እያንዳንዷ እንግዳ መስመር የሆነ ቀን የተወሰነ ውሳኔ ናት። አንድ ቅርንጫፍ በተለየ መንገድ ሲታሰብ ምክንያት ነበረው። ከባዶ የሚጻፍ ሲስተም ያን ሁሉ ውሳኔ እንደገና ይማራል፤ የሚማረውም በሠራተኛው ደመወዝ ላይ ነው።

እንዳለ መተውም አይቻልም ነበር። ሲስተሙ የሚሠራበት ፒኤችፒ 5.6 የደኅንነት ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ከዳታቤዙ ጋር የሚያወሩት የድሮዎቹ የማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖችም (በስማቸው የሚጠሩ የኮድ ክፍሎች) ከፒኤችፒ 7.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ የሉም። ሰርቨሩ ቢሞትና አዲስ ቢገዛ ሲስተሙ እዚያ ላይ አይነሳም። ስለዚህ ሦስተኛውን መንገድ መረጥን፤ የሚሠራውን ሥራ ሳይቀይሩ የኮዱን አጻጻፍ መቀየር። ይህ ሪፋክተሪንግ ይባላል። ዊልያም ኦፕዳይክ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1992 የዶክትሬት ጥናቱን የሠራበት ጉዳይ ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ጆን ብራንትና ዶን ሮበርትስ ይህንኑ ሥራ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ለስሞልቶክ ቋንቋ ሠሩ። ዛሬ ለብዙ ቋንቋዎች ተመሳሳይ መሣሪያ አለ። ለጃቫ ኦፕንሪራይት አለ። የሊነክስ ከርነል አዘጋጆች ኮክሲኔል የሚባለውን ይጠቀማሉ። ለፒኤችፒ ደግሞ ሬክተር አለ። በነፃ የሚገኝ ነው፤ እኛም የተጠቀምነው እሱን ነው።

መሣሪያው ከኤዲተራችሁ «ፈልግና ተካ» በምን ይለያል? ፈልጎ መተካት ሀዋሳ መናኸሪያ መሐል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደመጣራት ነው፤ ስሙ የሆነ ሁሉ ይዞራል። ሬክተር ግን ኮዱን እንደ ጽሑፍ አያየውም። መጀመሪያ ይተነትነውና ዛፍ ያደርገዋል። ይህ የፈንክሽን ጥሪ ነው፣ ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ አስተያየት ነው ብሎ ለይቶ ያውቃል። ከዚያ የሰጣችሁትን ሕግ በዛፉ ላይ ይፈጽምና መልሶ ኮድ አድርጎ ይጽፈዋል።

ልዩነቱ ቶሎ የሚገባችሁ በዳታቤዝ ጥሪዎቹ ላይ ነው። በድሮው ፈንክሽን መጀመሪያ ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ ይመጣል፣ ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት ከኋላ ነው፤ ቢቀርም ችግር የለም። በአዲሱ ግን ግንኙነቱ መጀመሪያ ነው፣ የግድም ነው። ጥያቄው ውስጥ ቅንፍ በቅንፍ ላይ ሲደራረብና በሦስት መስመር ሲሰበር በጽሑፍ ፍለጋ ማገለባበጥ አይሆንም። መሣሪያው ግን የቱ የትኛው እንደሆነ ስለሚያውቅ በሺህ የሚቆጠር ጥሪ በደቂቃዎች ያገለብጣል። በእጅ ቢሠራ ወራት የሚበላ፣ ዓይን የሚያፈዝ ሥራ ነው። ሰው በደከመበት ሰዓት ደግሞ አንዱን ይዘላል። መሣሪያው አይዘልም።

የግብሩን ቁጥሮች ያገኘናቸውም በዚሁ መንገድ ነው። በ600 መፈለጉን ተውነው። የ2008ቱ አዋጅ ሠንጠረዥ ደመወዙ በመቶኛው ከተባዛ በኋላ የሚቀነሱ ተቀናሾች ነበሩት፤ 60፣ 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955፣ 1,500። ከእነዚህ ውስጥ 142.50ና 302.50 ለሌላ ነገር የሚውሉ ቁጥሮች አይደሉም። እነሱ ባሉበት ግብር አለ። አንዱ ፕሮግራመር 142.50 ብሎ ጽፏል፣ ሌላው 142.5 ብሎ። ለጽሑፍ ፍለጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዛፉ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው። አጭር ሕግ ጽፈን እነዚህ ቁጥሮች ያሉበትን ፈንክሽን ሁሉ አስለቀምነው። ተቀናሽ የማይጠቀም አንድ ስሌት ቀረ፤ እርከን በእርከን እየደመረ የሚሄድ። እሱን ያጋለጠው 105 ነው፤ ከ600 እስከ 1,650 ያለው ደመወዝ የ10 በመቶ ግብር። እናንተም አዋጅ ሲቀየር እንዲህ አድርጉ። የተለመደውን ቁጥር ተዉትና ሌላ ቦታ ሊኖር የማይችለውን ፈልጉ።

ከዚያ ሁሉንም ወደ አንድ ፈንክሽን አዞርናቸው። ቁጥሮቹ ከኮዱ ወጥተው ዳታቤዝ ውስጥ ገቡ፤ ከእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ጋር የሚጸናበት ቀን አለ። ቀኑ ወሳኝ ነው። የ2016 ዓ.ም. ደመወዝ ዛሬ እንደገና ቢታተም በድሮው ሠንጠረዥ መታሰብ አለበት። የሐምሌ 2017 ደግሞ በአዲሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህን ሁሉ ከማድረጋችን በፊት የሠራነው ሥራ ነው ያዳነን ብዬ አምናለሁ። ሲስተሙ አንድም ቴስት አልነበረውም። መሣሪያው ኮድ ሲቀይር የተበላሸ ነገር መኖሩን የሚናገር ማንም የለም ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲስተሙ ዛሬ የሚያደርገውን፣ ስህተቱን ጨምሮ፣ መዘገብን። ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለጊዜው ተውነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዳታቤዙን ቅጂ ወሰድን። በድሮው ኮድ ያለፉትን ዓመታት ደመወዝ በየወሩ አስኬድን፣ የመጋዘን ሪፖርቶቹን ሁሉ ከፈትን፣ የሚወጣውን ገጽ እንዳለ በፋይል አስቀመጥን። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ በተፈጸመ ቁጥር ያንኑ ሁሉ በአዲሱ ኮድ አስኬደን ከተቀመጠው ጋር እናመሳክራለን። አንዲት ሳንቲም ከተለየች እንቆማለን።

እዚህ ላይ በኛ አገር ሲስተም ብቻ የሚያጋጥሙ ነገሮች አሉ። አንደኛው ጳጉሜ ነው። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረው፤ የ2016ቱ አምስት። የምትመርጡት ናሙና የስድስት ቀን ጳጉሜ ከሌለበት የቀን መቀየሪያው ኮድ አልተፈተሸም ማለት ነው። 2011ን እና 2015ን አካትቱ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ሪፖርቶቹ ሁሉ ግርጌያቸው ላይ «የታተመበት ሰዓት» ይላሉ፣ በኛ አቆጣጠር። ካላስቆማችሁት ሁሉም ገጽ በየጊዜው የተለየ ይሆናል፣ ማመሳከሩም ትርጉም ያጣል። ለፍተሻው ብቻ ሰዓቱን አንድ ቦታ ላይ የሚያቆም ነገር አስገቡ።

ሦስተኛው የሰው ስም ነው። የደመወዝ መረጃ የሰው ምስጢር ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ይዞ መዞር ነውር ነው። ስሞቹን በሌላ ስም ተኩ። ግን የፊደላቸው ብዛት እንዳይቀየር ተጠንቀቁ። ለምን እንደሆነ ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ የኢትዮጵያ ፊደል በኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስት ባይት ቦታ ይወስዳል። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው። የፒኤችፒ የተለመዱት ፈንክሽኖች ርዝመት የሚለኩትና ጽሑፍ የሚቆርጡት በባይት ነው። ስለዚህ «ሀዋሳ» ርዝመት ለሚለካው ስትርሌን ለሚባለው ፈንክሽን ሦስት ፊደል አይደለም፣ ዘጠኝ ነው። የኛን ሲስተም የጻፈው ሰው ይህን በልምድ ደርሶበታል። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ስም አራት ፊደል ላይ እንዲቆረጥ ሲፈልግ 12 ብሎ ጽፏል። በትክክል ይሠራል።

ማሽኑ ሲመጣስ? ባይት የሚቆጥሩትን ፈንክሽኖች ፊደል በሚቆጥሩት መተካት ጥሩ ሕግ ይመስላል። ፈንክሽኑን ይቀይራል። 12 የሚለውን ቁጥር ግን አይነካውም፤ ከየት ሊያውቅ? ያኔ አራት ፊደል የነበረው ዐሥራ ሁለት ፊደል ይሆናል። ስሙ ከዓምዱ አልፎ የብሩ ቁጥር ላይ ይታተማል። በእንግሊዝኛ ስም ብትፈትሹት ምንም አታዩም። እኛ ይህ ሕግ እንዲፈጸም አልፈቀድንም። ይልቅ ፊደል የሚቆርጡትን ቦታዎች ሁሉ እንዲለቅምልን ብቻ አደረግን። ከዚያ አንድ በአንድ አየናቸው። አንዳንዱ 12 ለአማርኛ ነው፤ በሦስት ይካፈላል። አንዳንዱ የደረሰኝ ቁጥር ነው፤ አይነካም። ይህን ሊለይ የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

የዳታቤዙ ዓምድም ያው ነው። በላቲን አቀማመጥ ለ30 ባይት የተፈቀደ ዓምድ የሚይዘው ዐሥር የኛን ፊደል ብቻ ነው። የብዙ ሰው የአባት ስም መሐል ላይ ተቆርጦ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ግንኙነቱን ወደ ዩቲኤፍ-8 ስትቀይሩ ዳታውን እንዳለ ከተዋችሁት ደግሞ ስሙ ሁሉ ማንም የማያነበው ምልክት ይሆናል። ባይቶቹ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ናቸው፤ ዳታቤዙ ግን ላቲን ናቸው ብሎ ያምናልና ደግሞ ሊቀይራቸው ይሞክራል። መፍትሔው የታወቀ ነው። ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ጥሬ ባይት ዓይነት ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ-8። በቀጥታ ከላቲን ወደ ዩቲኤፍ-8 አትሂዱ። ይህ የዳታ ሥራ ነው እንጂ የኮድ አይደለም። ከኮዱ ለውጥ ጋር በአንድ ቀን አትቀላቅሉት።

ሌላው ማሽኑ ብቻውን የማይወጣው የማወዳደር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የወጣው ፒኤችፒ 8.0 ቁጥርና ጽሑፍ የሚወዳደሩበትን መንገድ ቀየረ። በድሮው ማንኛውም ፊደል ከ0 ጋር ሲወዳደር «እኩል ነው» ይባል ነበር። አሁን አይባልም። የኛ ሲስተም ቅርንጫፎቹን መጀመሪያ በቁጥር ይጠራ ነበር፤ 0 ዋናው መጋዘን ነው። በኋላ የመጡት ቅርንጫፎች በፊደል ኮድ ገቡ። «ኮዱ ከ0 ጋር እኩል ከሆነ ዋናው መጋዘን ነው» የሚለው መስመር ግን ሳይነካ ቀረ። በድሮው ፒኤችፒ ባለፊደሎቹ ሁሉ እንደ ዋናው መጋዘን ይታሰባሉ። ሌላ ሪፖርት ደግሞ መልሶ ይቀንሳቸዋል። ሒሳቡ እንደዚያ ሆኖ ለዓመታት ገጥሟል።

ይህን ለማግኘት በሬክተር አንድ ሕግ ጻፍን። አደገኛ የሆኑትን ማወዳደሪያዎች ሁሉ በአንድ የራሳችን ፈንክሽን ተካቸው። ፈንክሽኑ በድሮውም በአዲሱም መንገድ ያወዳድራል፤ የሚመልሰው የድሮውን መልስ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ የፋይሉን ስምና መስመሩን ይመዘግባል። ከዚያ ያለፉትን ወራት እንደገና አስኬድን። በጣም ብዙ ከሆኑት ማወዳደሪያዎች መልሳቸው በእውነት የሚለያየው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። እነዚያን ሒሳብ ክፍል ይዘን ሄድን። የቀሩትን በሌላ ሕግ መልሰን አቃናናቸው። ይህን ዘዴ ለማንም ሰው አጥብቄ እመክራለሁ። ለምርመራ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ማሽኑ በየቦታው ያስገባል፣ ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ ራሱ ያወጣዋል። በእጅ ቢሆን ማንም አይደፍረውም።

ስለ ማይጠራ ኮድም ልንገራችሁ። ሬክተር ሕግ ከጻፋችሁለት ማንም የማይጠራውን ፈንክሽን ለይቶ መሰረዝ ይችላል። ሲሰርዝ ማየት ደስ ይላል፤ ኮዱ ይቀላል። ግን መሣሪያው ኮዱን ያነባል እንጂ አያስኬደውም። በኛ ሲስተም ሜኑው ያለው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። የፈንክሽኑ ስም እዚያ እንደ ጽሑፍ ተቀምጧል፣ ሲስተሙ ስሙን አንብቦ ይጠራዋል። ለመሣሪያው ይህ አይታይም። «ጠሪ የለውም» ይላል።

ዝርዝሩን አትመን የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ዘንድ ይዘን ሄድን። ከሲስተሙ ቀድመው ድርጅቱ ውስጥ የነበሩ ሴት ናቸው። ለብዙ ሳምንት መዝገብ ይዘን ማንም እንዳልጠራት ያየናትን አንዲት ፈንክሽን አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ ይቺን ማንም አይጠቀማትም። ትውጣ?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ ሰኔ 30ን አይተሃታል? መዝጊያው እኮ ናት። በዓመት አንዴ ነው የምንነካት።»

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል። የዓመት መዝጊያው የሚሠራው ያኔና በሐምሌ መጀመሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ማን ምን እንደጠራ ብትመዘግቡ ማስረጃ አይሆናችሁም። አንድ ሙሉ ዓመት መጠበቅ ካልቻላችሁ ሰው ጠይቁ። እኛ የዓመት መዝጊያውን፣ የቆጠራውንና የኦዲት ሪፖርቱን የሚመለከት ፈንክሽን ሁሉ ከስረዛው ሕግ ውጪ አደረግን። ሜኑው ውስጥ ያሉትንም ስሞች ከዳታቤዙ አውጥተን «እነዚህ ይጠራሉ» ብለን ለመሣሪያው ሰጠን። የቀረውን ሰረዘ፤ እሱም ቢሆን ትንሽ አልነበረም።

እኚህ ሴት ሌላም ብዙ ነገር ነግረውናል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ የምትጨመር ትንሽ ክፍያ ነበረች፤ ኮዱ ውስጥ ያለ አንዳች ማብራሪያ። እኔ ባየኋት ጊዜ ስህተት ትመስላለች። እሳቸው ግን ከሠራተኞቹ ጋር የተስማማንበት የመጓጓዣ ክፍያ ናት አሉ። ማብራሪያዋን ከጎኗ ጻፍንላት። እንዲህ ያለ እውቀት በየትኛውም መሣሪያ ውስጥ የለም፤ ሰዎቹ ጡረታ ሳይወጡ ጠይቁ።

ሕጎቹን የፈጸምነው አንድ በአንድ ነው። አንድ ሕግ፣ አንድ ኮሚት (በአንድ ላይ የሚመዘገብ የለውጥ ጥቅል)። በእጅ የተሠራ ለውጥ ማሽን ከሠራው ኮሚት ጋር በጭራሽ አይቀላቀልም። ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሪፖርት ሲለይ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የትኛው ሕግ እንደቀየረው በቀላሉ ታገኛላችሁ። ሬክተር ራሱ ደረጃ በደረጃ እንድትሄዱ ያመቻቻል፤ ደረጃውን ከዜሮ ጀምራችሁ በአንድ በአንድ ከፍ ታደርጋላችሁ። ምንም ሳይቀይር ምን ሊቀይር እንዳሰበ ብቻ የሚያሳይበት መንገድም አለው። ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ኤችቲኤምኤልና ፒኤችፒ የተቀላቀሉባቸው ፋይሎች ላይ የመስመር አሰላለፍ ሊያዛባ ስለሚችል እነሱን ለብቻ እዩአቸው።

ሌላ ጠቃሚ ነገር፤ ማሽን በአንድ ቀን ሺህ ፋይል ሲነካ የኮዱን ለውጦች በሚመዘግበው ጊት ላይ ሁሉም መስመር የእናንተ ሥራ መስሎ ይታያል። መስመሩን በመጀመሪያ ማን እንደጻፈው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ጊት 2.23 ጀምሮ የተወሰኑ ኮሚቶችን እንዲዘል ማዘዝ ይቻላል። የማሽኑን ኮሚቶች እዚያ ዝርዝር ውስጥ አስገቧቸው። የድሮው ልጅ በምን ቀን ምን እንደጻፈ ማወቅ የምትፈልጉበት ቀን ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ላፕቶፕ ላይ ነው። መሣሪያውን አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፣ የድርጅቱም ኮድ ከቢሮ አይወጣም። ሰርቨሩ ላይ የድሮው ፒኤችፒ እያለ ላፕቶፓችሁ ላይ አዲሱ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው የድሮውን ኮድ ለማንበብ አይቸገርም።

ኤአይስ? የሚሉኝ አሉ። ተጠቅመንበታል፣ ግን ሕጉን ለማርቀቅ ነው። የምንፈልገውን ለውጥ በምሳሌ ሰጥተን ሕጉን እንዲጽፍ አደረግን፣ ሕጉን አንብበን ፈተሽነው፣ ከዚያ ኮዱን የቀየረው ሕጉ ነው። ሺህ ፋይል አንድ በአንድ ሰጥቶ «አድስልኝ» ማለትን ግን ለደመወዝ ሲስተም አልመርጠውም። አንድ ሕግ ካነበብኩ ሺህ ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሺህ የተለያየ መልስ ግን ሺህ ጊዜ ማንበብ አለብኝ።

ማሽኑ እንዲነካው ያልፈለግነው አንድ ነገርም ነበር፤ የክልል ስም። ሲስተሙ ሲጻፍ ሁሉም ቅርንጫፍ «ደቡብ ክልል» ነበር፣ ስሙም ደረሰኙ ላይ በቀጥታ ተጽፏል። በሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፤ ሀዋሳ እዚያ ናት። በነሐሴ 2015 ዲላና ሶዶ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ሆሳዕና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሆኑ። ስሙን በአዲሱ መተካት ቀላል ይመስላል። ግን የ2010 ዓ.ም. ደረሰኝ ዛሬ ሲታተም ያኔ የነበረውን ስም ነው መያዝ ያለበት። ይህ የሲስተሙን ሥራ የሚቀይር ስለሆነ ሪፋክተሪንግ አይደለም። ለብቻው ሥራ አድርገን፣ እንደ ግብር ሠንጠረዡ ቀን ሰጥተን ሠራነው። ለአለቃ ስታስረዱም ይህን ልዩነት አትተዉ። ዛሬ ኮዱን እናድሳለን፣ ውጤቱ አይለወጥም፤ በሚቀጥለው ወር ውጤቱን እንቀይራለን። ሁለቱን አንድ ላይ ከጠየቃችሁ ልዩነት ሲመጣ ማደሱ ያመጣው ይሁን መቀየሩ ማንም አያውቅም።

ደኅንነቱንም እንዲሁ ለይተን ነው የሠራነው። የዳታቤዝ ጥሪዎቹ ወደ አዲሱ ስለተገለበጡ ብቻ ከጥቃት አይጠበቁም። ተጠቃሚው የጻፈውን በቀጥታ ጥያቄው ውስጥ የሚሰኩት ቦታዎች እንደነበሩ ናቸው። በሚቀጥለው ዙር እነሱን እያስለቀምን፣ ከሰው የሚመጣውን ዳታ ከጥያቄው ለይቶ ወደሚልከው አሠራር አዛወርናቸው። የመግቢያ ገጹና የሽያጭ ገጹ ቀደሙ።

የቀረን አንድ ከባድ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጋዘን መዝገብ የተጻፈው ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የጋራ የቁጥር አሰጣጥ) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ድሮ የለመዱት ፎንት በየቢሮው ብዙ ቆይቷል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ ሲኖር ብቻ ፊደል ይመስላል። ፊደሎቻችን ለድሮው የፎንት አቀማመጥ ስለሚበዙ አንዳንዱ ፎንት አንድን ፊደል ከሁለት ምልክት ይገጣጥማል። ስለዚህ መቀየሪያው ሁለት ምልክት ያላቸውን ቀድሞ ማየት አለበት፣ ነጠላዎቹን ከዚያ በኋላ። ለየፎንቱ የተለየ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ደግሞ በእውነት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዕቃ ስምና በፎንት የተጻፈ አማርኛ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ከውጪ ሁለቱም ላቲን ናቸው። አሁን እያደረግን ያለነው የእንግሊዝኛዎቹን የዕቃ ስሞች ከአቅራቢዎች ደረሰኝ ሰብስበን መለየት ነው። የቀረውን መጋዘን ጠባቂው ከድሮው የወረቀት ካርድ ጋር እያስተያየ ያረጋግጥልናል። መደርደሪያ በመደርደሪያ እየሄድን ነው፤ ከቆርቆሮና ምስማር ጀምረናል፣ ቀለም ቀጥሎ ነው።